ተሰልፈው የነበሩት ዶማዎች

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የውዳቂ ብረት ሰው ሆንኩ። ባለቤቴ ለጎረቤት ስታወራ «አማካሪ ሆኗል» ትላለች። እውነቱ ግን በአርባ ምንጭ ከተማ፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለ አቧራማ ግቢ፣ ጓንት አጥልቄ የዛገ ብረት ከዛገ ብረት እለይ ነበር። ግቢው የቀድሞ ተማሪዬ ነው። በአርባ ምንጭ ሠላሳ ዓመት ያህል የብረታ ብረት ሥራ አስተምሬያለሁ፤ እሱ በክፍሌ ካለፉት ሰነፎች አንዱ ነበር፣ አሁን አሠሪዬ ነው። ይህን የማነሳው ቅር ብሎኝ አይደለም። ትንሽ ግን ቅር ብሎኛል።

የመጣሁት ከሰሜን ነው። ለሁለት ዓመት ተብዬ ተመድቤ፣ ቤት ሠርቼ፣ ልጆች አሳድጌ በዚያው ቀረሁ። ጋሞኛ ግን ከሰላምታ አልፌ አልተማርኩም። ተማሪው አማርኛ ይችላል፣ ባለሱቁ ይችላል፣ የባጃጁ ሹፌር ይችላል፤ ስለዚህ አያስፈልገኝም ብዬ ኖርኩ። አሁን ሳስበው ስንፍና ነበር።

አሠሪዬ የሚሰበስበው ብረት በተሳቢ እየተጫነ አዲስ አበባ ዳርቻ ወዳለ አንድ ማቅለጫ ፋብሪካ ይሄዳል። እዚያ ቀልጦ ፌሮ ይሆንና ተመልሶ የእኛኑ ከተማ ፎቅ ይሸከማል። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ከፋብሪካው አንዲት ወጣት መሐንዲስ መጥታ ለሰብሳቢዎች ግማሽ ቀን አስተማረች። ከማዕድን አፈር አዲስ ብረት ለማውጣት የድንጋይ ከሰል ይነድዳል፣ ጭሱም አየሩን ያሞቀዋል አለች። አሮጌ ብረት ግን በኤሌክትሪክ ምድጃ ይቀልጣል፤ የእኛ ኤሌክትሪክ ደግሞ በአብዛኛው ከወንዝ ነው። ስለዚህ ከየጓሮው የተነሳ አሮጌ ብረት ሁሉ ሳይጨስ የቀረ ጭስ ነው። ብቻ ንጹሕ ይሁን አለችን። መዳብ ከተቀላቀለበት ፌሮው ይበላሻል፤ ውኃ የቋጠረ ድፍን ጣሳ ከገባ ምድጃው ውስጥ ይፈነዳል፤ ጎማና ፕላስቲክ ካልተላቀቀለት የዳነው ጭስ በሌላ በኩል ይመለሳል።

ነገሩ ያዘኝ። ሠላሳ ዓመት ስለ ብረት ሳወራ ስለ ጭሱ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ ማስተማር ጀመርኩ። የባጃጅ ሹፌሮችን አስተማርኩ፣ የእድር ሰዎችን አስተማርኩ፣ ፀጉሬን የሚቆርጠኝን ልጅ ምላጭ አንገቴ ላይ እያለ አስተማርኩ። ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ላንቴ ሄጄ ሙዝ አምራቾችን ከየእርሻው ጥግ የተሰበረ የውኃ ፓምፕ፣ ጎማ የሌለው የእጅ ጋሪ፣ የተጣመመ የአልጋ ብረት አስወጣኋቸው። ሰዎቹ ጥጋቸው ስለጸዳላቸው ደስ አላቸው፤ እኔም በንግግሬ ያመኑ መሰለኝ። ባለቤቴ አንድ ቀን እራት ላይ፣ ብረቱን ሰብስብ፣ ሰዎቹን ግን ተዋቸው አለችኝ። አልሰማኋትም።

ተራራው ላይ ወዳለችው ካምባ ከግቢያችን ሹፌር ጋር የሄድነው በበልግ መግቢያ፣ አንድ ማክሰኞ ነው። የገበያ ቀን አልነበረም። ከወረዳው መሥሪያ ቤቶችና ከአንድ ጋራዥ ያገኘነው ብረት መኪናውን ከግማሽ በላይ አልሞላውም። ሹፌሩ ሰማዩን እያየ ያጉረመርማል፤ ዝናብ ከቀደመን ያ ቁልቁለት አይወረድም። ከገበያው ሜዳ ዳር፣ ከአንድ ሰው ግቢ ጠርዝ ላይ፣ ግድግዳ የሌለው የሣር ጎጆ አየሁ። ወናፍ አለ፣ መስፍ አለ፣ የቀዘቀዘ አመድ አለ፤ ሰው የለም። ከጎጆው ፊት ባለው የድንጋይ ካብ ላይ እጀታ የሌላቸው ያለቁ ዶማዎች ተደግፈው ቆመዋል፤ ከሠላሳ ይበልጣሉ።

ቀጥቃጩ ደጋ ለቅሶ ሄዷል አሉኝ። እኔም ወደ ግቢው ገብቼ ባለይዞታውን አነጋገርኩ። ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት የማውቀው፣ አማርኛው የተስተካከለ ሰው ነው። ለምን እሱን እንደጠየቅኩ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። በዚያ አገር ብረት የሚቀጠቅጡ ሰዎች ከድሮ ጀምሮ መሬት አልነበራቸውም፤ በሰው ይዞታ ጠርዝ ላይ ይሠራሉ፣ በሰርግና በለቅሶም ዳር ይቀመጣሉ። አሁን ቀርቷል ይባላል፣ ሕጉም ቀርቷል ይላል፣ እኔም ክፍል ውስጥ ቀርቷል ብዬ አስተምሬያለሁ። ሆኖም ካምባ ላይ ቀጥቃጩ እስኪመለስ ልጠብቅ የሚል ሐሳብ አልመጣብኝም። መሬቱ የማን ነው አልኩ፣ የእሱ ነው አሉኝ፣ በቃ። ባለይዞታው ከበሩ ሳይወጣ፣ መንገድ የዘጋ አሮጌ ብረት ነው፣ ውሰደው አለኝ። ተመዘነ፣ ተከፈለው፣ ደረሰኝ ቆረጥኩለት።

አንድ ነገር ግን አይቼ ነበር። ዶማዎቹ አልተከመሩም፤ እኩል እየተራራቁ፣ አፋቸው ወደ አንድ ወገን ዞሮ ተሰልፈው ነበር። ውዳቂ የሚያሰልፍ ሰው የለም። ይህን አሰብኩ፤ ቃል በቃል ይህን አሰብኩ። ከዚያ መኪናው አልሞላ ስላለ ማሰቤን ተውኩት።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰው ግቢያችን በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ቀጭን፣ በዕድሜ እኔን የሚያክል፣ ክንዶቹ በጥቃቅን የእሳት ጠባሳ የተሞሉ፣ የታጠፈ ጃንጥላ የያዘ ሰው ነው። ከአንድ የባጃጅ ሹፌር ጋር የጀመርኩትን ትምህርት እስክጨርስ ሳያቋርጠኝ ቆሞ ጠበቀ። ትምህርቱ አጭር አልነበረም።

«መምህር፣ ማክሰኞ ካምባ መጥተህ ብረት ወስደሃል» አለኝ። «የኔ አይደለም። የሰው ነው።»

አንተ ማለቱ መጀመሪያ ትንሽ ቆረቆረኝ፤ የሰሜን አመሌ ነው። ከእሱ ግን የተለመደ የአገሩ አማርኛ ነበር፤ እኔም እሱን አንተ እያልኩ ነበር። በሕጋዊ መንገድ ከባለይዞታው ነው ያገኘሁት ብዬ የደረሰኙን ቅጂ ከኪሴ አውጥቼ አሳየሁት። ወረቀቱን ተቀብሎ ረጋ ብሎ አየው፣ አጥፎ መለሰልኝ።

«እሱ ቀጥቃጭ አይደለም» አለ።

ቀጥቃጩ እሱ ራሱ መሆኑ ያኔ ገባኝ፤ ነገሩን ቀስ እያለ አስረዳኝ። በዚያ አካባቢ ዶማው ያለቀበት ገበሬ እጀታውን ነቅሎ ቤቱ ያስቀራል፤ እጀታው ለእጁ የተላመደ ነውና አያውሰውም። ብረቱን ብቻ ይዞ ወደ ገበያ ሲያልፍ ካቡ ላይ ያቆመዋል። ቀጥቃጩ ኖረም አልኖረም ግድ የለውም፤ ምልክት አያደርግም፣ ወረቀት አይቀበልም። ቀድሞ የመጣው ከወደ ጎጆው ነው፣ ኋላ የመጣው ከወደ መንገዱ። እኔ ካቡ ላይ ያየሁት ተራቸውን የሚጠብቁ ሰዎች ሰልፍ ነበር። ባለዶማዎቹ ቤታቸው ሆነው ብረታቸው ነበር የሚጠብቅላቸው።

ረቡዕ፣ እሱ ከለቅሶ በተመለሰበት ቀን፣ ዝናብ ጣለ። በካምባ ያ ዝናብ ከጣለ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ዶማውን ይፈልጋል። መጡ፤ ካቡ ባዶ ነው። ከከተማ የመጣ መኪና ወሰደው፣ እኔ አልሸጥኩም አላቸው ቀጥቃጩ። ባለይዞታው ሲጠየቅ እኔ አላየሁም አለ። አንዱ ገበሬ በቀጥቃጩ ሚስት ፊት፣ ሸጠህ በላህ አለው። ሌላው ገና ያን ጠዋት ያመጣውን ማጭድ አንሥቶ ሄደ። ከእንግዲህ ብረታችንን ወደ ሌላ ገበያ እንወስዳለን የሚሉም ነበሩ። ይህን ሲነግረኝ ድምፁ አልተለወጠም፤ የአየር ሁኔታ የሚነግረኝ ይመስል ነበር። እኔ ግን የገባኝ ነገር ነበር። ይህ ሰው መሬት የለውም፣ ከብት የለውም፣ ያ ጎጆ እንኳ የእሱ አይደለም። ያለው ነገር ሰዎች ብረታቸውን ካቡ ላይ አቁመው ዞር ሳይሉ መሄዳቸው ነው። ያን እምነት ነበር በመኪና ጭኜ የመጣሁት።

ደረሰኙን መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ይህን ስሜት በደንብ አውቀዋለሁ፤ ፈተና አርሜ ከመለስኩ በኋላ ራሴ መልሱን መሳሳቴን ሳገኝ ይመጣ ነበር። ያን ጊዜ ግን ተማሪው ነጥብ ነው የሚያጣው።

አንድ ተሳቢ ረቡዕ ንጋት ላይ ተጭኖ ሄዶ ነበር። የቀረው ክምር የሚጫነው አርብ ነው። አሠሪዬን አስፈቀድኩት። ቁርጥራጭ ብረት ውስጥ ዶማ ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው አለ፤ ግን አስተማሪው ነኝና እስከ ማታ ፈቀደልን። ቀኑን ሙሉ ከቀጥቃጩ ጋር ክምሩን ገለበጥን። የሲቀላ ሙቀት ብረቱን በጓንት እንኳ የማይያዝ ያደርገዋል። እሱ ጓንት አልፈለገም።

ዶማ ባገኘ ቁጥር አፈሩን በአውራ ጣቱ ጠርጎ ያየውና የማን እንደሆነ ይነግረኝ ነበር። አፉ በግራ በኩል ያለቀው የአንድ ግራኝ ገበሬ ነው። ጫፉ የተሸራረፈው ድንጋያማው ተዳፋት ላይ የሚቆፍረው የሰውዬው ነው። ጠባቡና አሮጌው የአንዲት መበለት ነው፤ ከአማቷ የወረሰችው፣ የቀጥቃጩም አባት ጫፍ የቀጠለለት። እኔ ሠላሳ ዓመት የብረት ሥራ አስተምሬ የአንድ ተማሪ እጅ ከሌላው መለየት አልችልም። ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ አንዱን አንሥቶ ትንሽ ቆየና ይህ የባለይዞታው ነው አለኝ። ሰውዬው የራሱን ዶማ መንገድ የዘጋ ብረት ብሎ ሸጦልኛል ማለት ነው። ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም፤ ከሌሎቹ ጋር በተራው አስቀመጠው።

ሠላሳ አንድ አገኘን። ሁለት ጎደለ፤ ከረቡዑ ተሳቢ ጋር ሄደዋል። ለሁለቱ አዲስ ዶማ ከሱቅ ልግዛ አልኩት። አይሆንም፣ እኔ እሠራቸዋለሁ፣ ብረት ብቻ ስጠኝ አለ። እንግዲያው ሸጠሃል ላሉህ የምታሳየው ደብዳቤ ልጻፍልህ፣ የድርጅቱ ማህተም ይመታበታል አልኩት። በዚህ አገር ማህተም ብዙ ነገር ሲያቃና አይቻለሁ።

«ወረቀት አልፈልግም» አለ። «አንተ ና። ገበያ ቀን፣ ሰው ባለበት፣ አንተ ተናገር።»

መሄድ አልፈለግኩም። እውነቱን ለመናገር ፈራሁ፤ ከፍርሃቱም ይልቅ ሐፍረቱ ባሰ። ሽበታም መምህር፣ ለአየር ንብረት ተቆርቋሪ፣ ገበያ መሃል ቆሞ የሰው ዶማ ወሰድኩ ሊል ነው። ቤት ገብቼ ነገሩን ለባለቤቴ አጋነንኩላት፤ ወገቤን እንደሚያመኝም ጨመርኩ። ሰምታኝ ስትጨርስ ለመንገዱ ሹራብ አውጥታ አልጋው ላይ አስቀመጠች።

አርብ ዶማዎቹንና ከክምራችን የመረጠውን የተሰበረ የመኪና ባሌስትራ ይዘን ወጣን። ከሰዓት በኋላ ጎጆው ሥር ተቀምጬ ሥራውን አየሁ፤ ወናፉንም እኔ ነፋሁ። ከባሌስትራው ጣት የምታክል ቁራጭ ይቆርጣል፤ ያለቀውን ዶማ ያግላል፣ ቁራጯን ጫፉ ላይ ያስቀምጣል፣ ይቀጠቅጣቸዋል፣ አንድ ይሆናሉ። ያ ዶማ ጥቂት ዓመት ይቆፍርና እንደገና ይመጣል፣ እንደገና ጣት የምታክል ብረት ይጨመርለታል። የመበለቷ ዶማ በዚህ መንገድ ሦስት ትውልድ አልፏል። ለሁለቱ አዲሶችና ጫፍ ለቀጠለላቸው ጥቂት አሮጌዎች የነደደው ከባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ የተሠራ አንድ ቅርጫት ከሰል ነው።

እጄ ወናፍ ላይ እያለ አእምሮዬ ስሌት ያዘ። እኔ የወሰድኩት ዶማ በናፍጣ ተራራ ይወርዳል፣ በናፍጣ አዲስ አበባ ዳርቻ ይደርሳል፣ ይቀልጣል፣ ፌሮ ሆኖ በናፍጣ ይመለሳል። ገበሬው ደግሞ ዶማ የለውምና ከውጭ በመርከብ የመጣ አዲስ ይገዛል፤ እሱን የወለደው ያው መሐንዲሷ የነገረችን የድንጋይ ከሰል ነው። ልጅቷ የተናገረችው ሁሉ ትክክል ነበር። የተሰበረ ፓምፕ መቅለጥ አለበት፤ የተጣመመ አልጋም እንዲሁ። እኔ ነኝ ገና የሚሠራን ነገር ከሞተ ነገር ጋር የጫንኩት። ይህን ለቀጥቃጩ ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አልጠየቀኝም። ትምህርት ይዤ ዝም ስል በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ ወዲህ ግቢያችን ውስጥ ሁለት ልማድ ገብቷል። ከጎጆ ፊት የሚገኝ ብረት መሬቱን የያዘውን ሳይሆን ብረቱን የሚሠራውን ሳይጠይቁ አይነሣም። ባሌስትራም ከተሳቢው በፊት ለብቻው ይቀመጥና ከደጋ ለሚወርዱ ቀጥቃጮች ይሰጣል። አሠሪዬ ፋብሪካው የሚቀበለን በቶን ነው እያለ እስካሁን ይነጫነጫል። ድሮም ክፍል ውስጥ መነጫነጭ ይወድ ነበር።

ካምባ በወጣን ማግስት፣ ቅዳሜ፣ ገበያው ሲሞላ ዱቡሻ ወደሚሉት ሜዳ ሄድን፤ ሽማግሌዎች ነገር የሚያዩበት ሣር ነው። ዶማዎቹን ቀጥቃጩ በተራቸው መሬት ላይ ደረደራቸው። ራሱ ዳር ላይ ተቀመጠ። ማንም ወደዚያ ሂድ አላለውም፤ ማንም ወደዚህ ናም አላለውም። አንዲት ወጣት የግብርና ባለሙያ ልታስተረጉምልኝ አጠገቤ ቆመች። ሌሊቱን ረጅም ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ስለ ብረት፣ ስለ አየር፣ ስለ ቅን ዓላማዬ። የተሰበሰበውን ሰው ሳይ ሁሉም ጠፋኝ።

«ብረቱን የወሰድኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «እሱ ለቅሶ ነበር። አልሸጠም። አልጠየቅኩትም።»

አንድ ሽማግሌ ከማን ተቀበልክ አሉኝ። ነገርኳቸው። ባለይዞታው መሬት መሬት እያየ፣ ውዳቂ መስሎኝ ነው አለ። ከተደረደሩት ዶማዎች አንዱ የእሱ መሆኑን ሲነግሩት ከሰዉ ሳቅ ተነሣ፣ እሱም አብሮ ለመሳቅ ሞከረ። የተቀበለውን ገንዘብ መልሶ፣ ቀጥቃጩንም ይቅርታ እንዲጠይቅ ተወሰነበት፤ ጠየቀ። ሽማግሌዎቹ ሣር ነጭተው በእጃቸው ይዘው መረቁ። ሁሉም ነገር አንድ ሰው ጫማውን ፈትቶ እስኪያስር ያህል እንኳ አልፈጀም።

ከዚያ ሰዎቹ ብረታቸውን ሊወስዱ መጡ። ግራኙ ገበሬ እጄን በሁለት እጁ ጨበጠኝ። መበለቷ የአማቷን ዶማ ደረቷ ላይ አድርጋ ረጅም ነገር ነገረችኝ፤ እውነተኛ ሰው ነህ፣ እስከዚህ ድረስ ወጥተህ መለስክልን እያለች ነው አለችኝ ባለሙያዋ። በርጩማ አመጡልኝ። ሸጠህ በላህ ያለው ሰውዬ ሳይቀር መጥቶ ሰላም አለኝ፤ ለቀጥቃጩ አንገቱን ነቅነቅ አድርጎለት አለፈ። ደስ አለኝ። መደሰቴን አልደብቅም፤ ልወቀስ ሄጄ ተመስግኜ ተቀመጥኩ።

ሜዳው ሲበተን ከቀጥቃጩ ጋር ወደ ጎጆው ተመለስን። ጫፍ ያልተቀጠለላቸውን ዶማዎች ባለቤቶቻቸው መልሰው ትተውለት ነበርና ሁለታችንም ተሸክመን ካቡ ላይ አንድ በአንድ አቆምናቸው። እሱ ርቀታቸውን ያስተካክላል። እኔ አሁንም ደስታዬ አልለቀቀኝም።

«አየህ፣ አመኑህ» አልኩት።

የያዘውን ዶማ ካቡ ላይ አስደግፎ፣ አፉን ከሌሎቹ ጋር ወደ አንድ ወገን አዞረው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«አንተ ዛሬ የነገርካቸውን ረቡዕ እኔም ነግሬያቸው ነበር» አለኝ።